እስረኛ በየትኛው በር ይወጣል?

የሸዋ ሮቢትን ስም ከሩቅ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮችን ያስታውሳል፤ ሙቀቱንና ወኅኒ ቤቱን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲወርድ ጋቢውን ያወልቃል፤ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠይቃል። ስለ ማሿችንና ስለ ሽንኩርታችን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ወኅኒ ቤቱንም ቢሆን እኛ የምናውቀው በአጥሩ ሳይሆን ወደ እርሱ በሚሄዱት ሴቶች ነው። አገልግላቸውን አንጠልጥለው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ ከየት እንደ መጡም በአነጋገራቸው ይለያሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከደጃችን ደርሰው ውሃ ለመኑኝ። የሚጠጡ መስሎኝ በጣሳ ባቀርብላቸው እግራቸውንና ፊታቸውን ታጠቡበት። «ደክሜ እንዳያየኝ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እኒህ እናት ትዝ ያሉኝ ባለፈው ክረምት ከጓደኞቼ ጋር አንድ ፊልም ስንመለከት ነው። በፊልሙ ውስጥ ሴቶች ማንነታቸውን ደብቀው ባዕድ አገር ይገባሉ፤ የወኅኒውን ግንብ በፈንጂ አፍርሰው እስረኛ ያወጣሉ። ከመካከላችን አንዱ «ሴት ይህን ታደርጋለች? ውሸት ነው» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ምሽት ዘለቀ። እኔም ከዚያ በኋላ ታሪክ ሳገላብጥ ቆይቼ፣ በፊልሙ ውስጥ ውሸቱ ግንቡ እንጂ ሴቶቹ እንዳልሆኑ ተረድቻለሁ። እንዴት እንደ ሆነ ለአንባብያን ላስረዳ።

ከሁሉ አስቀድሞ ፊልሙን የሚመስለውን እውነተኛ ነገር ላውጋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሪስቲና ስካርቤክ የተባለች የፖላንድ ተወላጅ፣ ክርስቲን ግራንቪል በሚል ስም በእንግሊዝ የምሥጢር ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጃንጥላ ወርዳ በደቡብ ፈረንሳይ ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀለች። በዚያው ዓመት ነሐሴ 7 ቀን አለቃዋ ፍራንሲስ ካማርትስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ዲኝ በምትባል ከተማ አጠገብ በጀርመኖች ፍተሻ ላይ ተያዘ። ሦስቱም «አንተዋወቅም» ብለው ነበር። ዳሩ ግን በየኪሳቸው የተገኘው ገንዘብ ቍጥሩ የተከታተለ ሆነና አጋለጣቸው። ለማይተዋወቁ ሰዎች ከአንድ እሽግ ገንዘብ ማካፈል ምን ያህል ትንሽ ስሕተት ነው! ለሞት የዳረጋቸው ግን ይኸው ነው።

ክርስቲን የአርበኞቹን አለቆች ወኅኒውን በኃይል እንዲሰብሩ ብትለምናቸው አልሆነላትም። ስለዚህ ብቻዋን ወደ ከተማው ሄደች። አልበርት ሼንክ የተባለ፣ ከጌስታፖ ጋር የሚሠራ ሹም ፈልጋ አገኘች፤ ቀጥሎም በእርሱ በኩል ማክስ ዋም ከሚባለው የጌስታፖ አስተርጓሚ ጋር ተገናኘች። ዋም ሽጉጡን ወደ እርሷ አነጣጥሮ ነበር የተቀበላት። እርሷ ግን የእንግሊዝ ሰላይ መሆኗን ራሷ ነገረችው። ከዚያም ውሸት ጨመረችበት፤ የካማርትስ ሚስትና የታላቁ የጦር አዛዥ የሞንትጎመሪ የወንድም ልጅ ነኝ አለች። በመጨረሻም እውነቱን አስከተለች። የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ጦር ነሐሴ 9 ቀን በደቡብ ፈረንሳይ ጠረፍ ወርዷል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እዚህ ይደርሳል፤ እስረኞቹ ከተገደሉ አንተም አትተርፍም አለችው። ሼንክ ሁለት ሚሊዮን ፍራንክ ጠየቀ፤ ገንዘቡም ከአልጀርስ በአውሮፕላን ተጣለለት። ነሐሴ 11 ቀን ማታ ዋም የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ ሦስቱን እስረኞች ከወኅኒው አውጥቶ ወሰዳቸው። እነርሱ ወደ መገደያቸው የሚሄዱ መስሏቸው ነበር፤ የተወሰዱት ግን ክርስቲን ወደምትጠብቅበት መኪና ነበር።

እንግዲህ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ክርስቲን የሠራችው የዘበኛውን ሒሳብ መለወጥ ነው። ትናንት እስረኛውን መግደል ለዘበኛው ይጠቅመው ነበር፤ ዛሬ ግን እስረኛውን ማዳን ራሱን ማዳን ሆነለት። ሴት መሆኗም ረድቷታል ብዬ አምናለሁ። ወኅኒ ደጅ ላይ የምትመላለስን ሴት ዘበኛ የሚያያት እንደ ጦረኛ ሳይሆን እንደ ዘመድ ጠያቂ ነውና። ሼንክ ግን በገንዘቡ ብዙ አልተጠቀመበትም፤ ከከተማው ሽሽ ቢባል ዘገየና ጥቂት ቆይቶ ተገደለ። ክርስቲንም ከጦርነቱ በኋላ በመርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ ሰኔ 8 ቀን 1944 ዓ.ም. ለንደን በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ አላገባህም ባለችው ሰው እጅ ሞተች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ይሠሩ የነበሩትን ሰዎች አባቶቻችን «የውስጥ አርበኛ» ይሏቸዋል። ጠላት በያዘው ከተማ ሰላማዊ መስለው እየኖሩ፣ በጫካ ላለው አርበኛ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ የሚያቀብሉ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ስማቸው የገነነው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ጣልያኖች ይዘው በኤሌክትሪክ አሠቃዩአቸው፤ ከዚያም ብዙ መቶ ኢትዮጵያውያን በግዞት በተወሰዱበት ጊዜ አዚናራ ወደምትባለው የጣልያን ደሴት ላኳቸው። ባሕር የከበበው ወኅኒ ነው፤ አገልግል ይዞ የሚደርስ እናት አይኖርም፤ በቋንቋ የሚግባቡት ዘበኛ እንኳ አይገኝም። እርሳቸውን ሊያወጣ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት ጣልያኖች ራሳቸው አገዛዛቸውን ለማለዘብ ግዞተኞችን መመለስ ሲጀምሩ ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ግን ቤታቸው አልተቀመጡም፤ ያንኑ ሥራ ቀጠሉ፤ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተጣለው አደጋም ከአርበኞቹ ጋር ተሰልፈዋል።

እኛን የይፋት ልጆችን ይበልጥ የሚነካን ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን ማርከው ወሰዱ። ልጁ ያን ጊዜ 11 ዓመቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። ቢሆንም መቅደላ መቅደላ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ መግቢያውም ጥቂት በር ብቻ ነው። ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት ምኒልክ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከአምባው ወርደው አመለጡ። 21 ዓመት ሊሞላቸው ሰባት ሳምንት ያህል ቀርቷቸው ነበር፤ ከእኔ የሚበልጡት በሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ከአምባው መውረድ ግን መዳን አልነበረም፤ በታች ያለው የወሎ ምድር ነው። የዚያ አገር እመቤት ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። ልጃቸው አመዴ ደግሞ በመቅደላ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። ወይዘሮ ወርቂት ሰላይ አልነበሩም፤ ስማቸውንም አልለወጡም፤ የእስረኛው ዕድል በእጃቸው የወደቀው ግን በአንዲት ጀንበር ነው። ምኒልክን ቢመልሱ ልጃቸውን ሊያገኙ ይችላሉ። አንዳንዶች እንደሚተርኩት መጀመሪያ ያሰቡት ይህንኑ ልውውጥ ነበር፤ ሌሎች ደግሞ ገና ከጅምሩ ሊያሳልፏቸው ቆርጠው ነበር ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን አምናለሁ፤ እናት ናቸውና። እንደሚነገረው ቴዎድሮስ ምኒልክ በወርቂት ሰዎች መካከል ሆኖ በመነጽር አዩት፤ እንደ ከዱም ቈጠሩ። ወዲያውኑ አመዴንና ሌሎች የወሎ ባላባቶችን አስወጥተው በገደሉ አፍ አስገደሏቸው። ወይዘሮ ወርቂት ግን ልጃቸውን ላሳጣቸው እንግዳ ክፉ አልመለሱም፤ ወደ ሸዋ አሳለፉት። ምኒልክም በነሐሴ ወር ከእኛ ቆላ በስተ ደቡብ ካለው ደጋ፣ ከአንኮበር ገቡ።

ያ ሌሊት በሌሎችም ላይ ደረሰ። በመቅደላ ታስረው የነበሩት የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና ጓደኞቹ፣ ምኒልክ ካመለጠ ወዲህ እግራቸው ብቻ ሳይሆን እጃቸውም በሰንሰለት ታሰረ። እነርሱን ለማስፈታት እንግሊዝ በ1860 ዓ.ም. 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን አሰልፋ፣ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣች። ፊልሙ የሚወደው ዓይነት ዘዴ ይህ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ! የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ የገባው ሚያዝያ 6 ቀን ሲሆን፣ እስረኞቹ በዚያን ጊዜ ወጥተው ነበር። ቴዎድሮስ በእሮጌ ከተሸነፉ በኋላ ራሳቸው ከውስጥ በሩን ከፍተው ለቀዋቸዋል።

ይህን ሁሉ ለዚያ ተከራካሪ ጓደኛዬ ስነግረው «ታዲያ የአመዴን እናት ማን አጽናናቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኒያ ከደጃችን ውሃ የለመኑት እናት በዚያኑ ቀን ወደ ማታ ተመለሱ። አገልግሉ ባዶ ነበር። ጣሳውን ስላቀረብሁላቸው መርቀውኝ፣ ወደ ደሴ የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ አልፎ እንደ ሆነ ጠየቁኝ።