60 ሰው በአንድ ግሩፕ፦ ማን እንደጠፋ ማን ያውቃል?

ባለፈው ክረምት የአንድ ኦንላይን ኮርስ አስተባባሪ ነበርኩ። ትምህርቱ ኤክሴልና መሠረታዊ ስታትስቲክስ፣ ተማሪዎቹ 60፣ መገናኛችን ደግሞ ያው እንደተለመደው አንድ የቴሌግራም ግሩፕ። «ፋይል መልቀቅና ቀን ማስታወስ ነው፤ ምን ይከብዳል?» ብዬ ነው የገባሁት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልኬን መክፈት አስጠላኝ። ማታ የለቀቅኩት አሳይመንት ጠዋት በስቲከርና በ«ደህና አደራችሁ» ተቀብሮ ይጠብቀኛል። «ማስረከቢያው መቼ ነው?» የሚለውን በቀን አሥር ጊዜ እመልሳለሁ፤ በኢንቦክስ የሚመጣው ሳይቆጠር።

ጫጫታውስ ይቻላል። እስካሁን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንዲት ተማሪ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አለመላኳን ያወቅሁት ውጤት ስመዘግብ ነው። ደወልኩላት። ስልኳ ተሰብሮ በእህቷ ስልክ አልፎ አልፎ ስትከታተል ቆይታ ወደኋላ ቀርታለች። «ማንም ስላልጠየቀኝ ተውኩት» አለችኝ። አልተመለሰችም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሲጨንቀው ያሰላል። 60 ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢገናኙ 1,770 ጥንድ ይወጣል። በ5 ሰዎች መካከል ግን 10 ብቻ ነው። አምስት ሰው መሃል መደበቅም መረሳትም ይከብዳል። ስለዚህ ክፍሉን 12 ቦታ ከፈልኩት።

ሕጉ ቀላል ነበር። ትልቁ ግሩፕ የማስታወቂያ ብቻ ሆነ፤ እዚያ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጥያቄ መጀመሪያ ለአምስቱ ይቀርባል፤ መልስ ከጠፋ ተወካዩ ወደኔ ያመጣዋል። ተወካዩ ዓርብ ዓርብ ሁለት መስመር ይልክልኛል፦ ማን አለ፣ ማን ጠፋ።

«አንድ ለአምስት ተመልሶ መጣ!» ብሎ የቀለደ ነበር። እውነቱን ነው፤ ሰቃዩ ተማሪ ሠርቶ ሌላው «ስሜን ብቻ ጻፉልኝ» የሚልበትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንከር ኦልሰን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ የጻፈው ይህንኑ ነው፦ የጋራ በሆነ ነገር ላይ ሳይለፉ መጠቀም የሚፈልግ አይጠፋም፤ ቡድኑ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ማነሱ ብቻውን ግን አይበቃም። እናም ተወካይነቱን በየሳምንቱ አዟዟርኩት፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ዳታ ሰጠሁ፤ ሥራው ሲገባ ደግሞ ከአምስቱ አንዱን በዕጣ ጠርቼ «እስቲ አስረዳኝ» እላለሁ።

ዩኒቨርሲቲያችሁ ሙድል የሚጠቀም ከሆነ ይህ በውስጡ አለ፦ መምህሩ ተማሪዎችን በግሩፕ መክፈል፣ አንዱ ግሩፕ የሌላውን እንዳያይ ማድረግ፣ የግሩፕ ሥራም ሁሉም አባላት «አስገባ» ሳይሉ እንዳያልፍ ማዘዝ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ በጣም ቀነሰ። ከሁሉም ደስ ያለኝ ግን የአንድ ዓርብ መልእክት ነው፦ «እገሌ ሁለት ቀን አልገባም፣ ዳታ አልቆበት ነው። ኖቱን በጽሑፍ አሳጥረን በኤስኤምኤስ ልከንለታል።» እኔ ምንም ሳልሠራ! ልጁ ኮርሱን ጨረሰ።

ኦንላይን እየተማራችሁ ከሆነና የከፈላችሁ ከሌለ፣ መምህሩን አትጠብቁ። አራት ሰው ፈልጉ። ስትጠፉ የሚደውልላችሁ ይኑር፤ እናንተም ደውሉ።