«ከለላ»፣ «የአየር ክፍተት»ና «የገጽ መንገድ»፤ በሕክምና መሣሪያዎች ኃይል መጋቢ የጥበቃ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ማብራሪያ

ጎንደር የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ከጀመረች ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗታል። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመባት፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያን ጊዜ ካርል ማርክስ ይባል ከነበረው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። ይሁን እንጂ ስለ በሽታውና ስለ መድኃኒቱ በአማርኛ መነጋገር የለመድነውን ያህል፣ ከሕመምተኛው ጎን ስለሚቆመው መሣሪያ የምንነጋገርበት የስያሜ ስንቅ ገና አልሞላም። በዚህ ጽሑፍ ከነዚህ ስያሜዎች ጥቂቶቹን እንመረምራለን።

1. ነገሩ ምንድን ነው?

በሕክምና መሣሪያ ውስጥ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን የ220 ቮልት ኃይል ተቀብሎ ለመሣሪያው በሚስማማ መጠን የሚያቀርብ ክፍል አለ። ይህን ክፍል ኃይል መጋቢ እንለዋለን። ኃይል መጋቢው አንድ ወገኑ ከአደገኛው መስመር፣ ሌላው ወገኑ የሕመምተኛውን ገላ ከሚነካው ሽቦ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች እንዳይገናኙ የሚለያቸው ነገር የግድ ያስፈልጋል። ይህንኑ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1977 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሲሆን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ሦስተኛ እትም ለሕመምተኛው የሚደረገውን ጥበቃ መሣሪያውን ለሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ከሚደረገው ለይቶ ደንግጓል። ባለሙያው ጤነኛ ነው፤ ድንገት ቢነዝረው እጁን መንጠቅ ይችላል። ሕመምተኛው ግን ራሱን ስቶ፣ ሽቦው ከገላው ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

2. ስለ «ከለላ»

ኤሌክትሪክን የሚያግደውን ነገር አንዳንዶች «ሽፋን» ይሉታል። ነገር ግን የመሣሪያው የብረት ሣጥንም ሽፋን ነው፤ ብረት ደግሞ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል እንጂ አያግድም። «መከላከያ» ከሠራዊት እስከ ክትባት ድረስ ስለሚያገለግል እጅግ ሰፊ ነው። «ከላይ» የሚለው፣ «የከላ» ለማለት ታስቦ ቢቀርብም፣ በጽሑፍ ሲታይ «ከበላይ» ከሚለው ጋር ይምታታል። የመስመር ሠራተኞች በምሰሶ ላይ የሚታየውን ሸክላ «ስኒ» ማለታቸው ያማረ ስያሜ ነው፤ ዳሩ ግን የዕቃው ስም እንጂ የባሕርዩ ስም ሊሆን አይችልም።

እኛ የምናቀርበው «ከለላ» የሚለውን ነው። ቃሉ ከ«ከለለ» የወጣ በመሆኑ ከ«ክልል»ና ከ«አክሊል» ጋር ይዛመዳል፤ ዙሪያውን ይዞ መለየትን ያመለክታል። ማገድን የሚያመለክተው ግእዙ «ከልአ» ሌላ ሥር ነው፤ «ኬላ» የምንለው ከዚህኛው ጋር ይያያዛል። ሁለቱ ሥሮች በድምፅም በሐሳብም ስለሚቀራረቡ፣ «ከለላ» የሚለውን ቃል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ መክበብንም ማገድንም አብሮ ያስባል።

3. «ድርብ» እና «እጥፍ»

ደረጃው ከአንድ በላይ ከለላ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። ይህን «እጥፍ ከለላ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ላይ ይጥላል፤ «እጥፍ» አንዱን ነገር መልሶ ማጠፍን ወይም ውፍረቱን ሁለት ጊዜ ማድረግን ያሳያልና። የሚፈለገው ግን እያንዳንዱ ለብቻው መቆም የሚችል ሁለት ከለላ ነው። በደባርቅ ብርድ ጋቢ ለብሶ በላዩ በርኖስ የደረበን ሰው እናስብ፤ በርኖሱ ቢቀደድ ጋቢው አለለት። «ድርብ» የሚለው ቃል ይህን በትክክል ይገልጻል። ስለዚህ የመጀመሪያው «መሠረታዊ ከለላ»፣ የሚደረበው «ተጨማሪ ከለላ»፣ ሁለቱ በአንድነት «ድርብ ከለላ» ይባላሉ። ብቻውን ሆኖ የሁለቱን ያህል እንዲችል የተሠራው ደግሞ «የተጠናከረ ከለላ» ይሆናል። የደረጃው መሠረተ ሐሳብም ይኸው ነው፤ አንዱ ጥበቃ ቢበላሽ ሌላው ሰውን ማዳን አለበት። የዚህ ዓይነቱን ሁኔታ «ነጠላ ብልሽት» ብለነዋል።

4. ሁለቱ ርቀቶች

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ስያሜ ይህ ነው። እንግሊዝኛው «ክሊራንስ»ና «ክሪፔጅ» ብሎ የሚለያቸውን ሁለት መለኪያዎች በአማርኛ ሁለቱንም «ርቀት» ማለት ይቀናል። የመጀመሪያው በሁለት የብረት አካላት መካከል በአየር ላይ ያለው አጭሩ ርቀት ነው፤ ሁለተኛው በከለላው ገጽ ላይ እየተሳበ የሚለካው ነው። ጀርመንኛ «ሉፍትሽትሬከ»ና «ክሪኽሽትሬከ» ሲል የአየር መንገድና የመዳኽ መንገድ ማለቱ ነው።

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ልዩነቱን አይስተውም። ንስር ከአፋፉ ተነሥቶ ቆላው ላይ የሚያርፍበት ርቀት አንድ ነው፤ መኪና በመጠማዘዣው እየዞረ የሚወርድበት ግን ሌላ ነው። የምሰሶው ስኒ ቀለበት በቀለበት ሆኖ የሚሠራውም የገጹን መንገድ ለማርዘም ነው።

ለሕመምተኛው በድርብ ጥበቃ ደረጃ፣ በ250 ቮልት መስመር፣ በአየር ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር፣ በገጽ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። እንግዲህ መመሪያው «ርቀቱ ከ5 ሚሊ ሜትር አይነስ» ብሎ ቢተረጎም፣ ጠጋኙ በዝርግ ሰሌዳ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ለክቶ ሥራው ተፈጸመ ሊል ይችላል። በበጋ የተከማቸው አቧራ በክረምት እርጥበት ሲያገኝ ግን በዚያ ገጽ ላይ ኤሌክትሪክ መንገድ ሊያበጅ ይችላል።

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። አየር በሳሳ መጠን ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይዘልለዋል። የጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ታልፋለች፤ ደባርቅ ወደ 2800 ሜትር ትጠጋለች። ደረጃው ለባለሙያው የሚጠይቀው የአየር ርቀት እስከ 2000 ሜትር፣ ለሕመምተኛው የሚጠይቀው እስከ 3000 ሜትር ታስቦ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ከ2000 እስከ 3000 ሜትር ባለው ከፍታ የባለሙያው በ1.14 ሲባዛ የሕመምተኛው እንዳለ ይቆያል። ከ3000 እስከ 4000 ሜትር ግን የባለሙያው በ1.29፣ የሕመምተኛው በ1.14 ይባዛል፤ 5 ሚሊ ሜትር የነበረው 5.7 ይሆናል። የሚባዛው የአየሩ ብቻ ነው፤ የገጹ ርቀት ከአየሩ እንዳያንስ ይጠበቃል እንጂ በከፍታ አይባዛም። በአንድ «ርቀት» የሚጠሩ ሁለት መለኪያዎች በስሜን ተራሮች ላይ ሕጋቸው ይለያያል ማለት ነው። ስለዚህ «የአየር ክፍተት»ና «የገጽ መንገድ» ተብለው እንዲለዩ ሐሳብ እናቀርባለን።

5. «ሾላኪ ኮረንቲ»

ከጣሊያንኛ የመጣው «ኮረንቲ» በሕዝብ አፍ የኖረ ስለሆነ መለወጡ አያስፈልግም። ከለላው ደህና ሆኖ ሳለም በጣም ጥቂት ኮረንቲ ማለፉ አይቀርም። «ፍሳሽ» ለቆሻሻ ውኃ የተያዘ ቃል በመሆኑ፣ በጠባብ ቀዳዳ ማለፍን ከሚያሳየው «ሾለከ» የወጣውን «ሾላኪ ኮረንቲ» መርጠናል። ወሰኑ እጅግ ጥብቅ ነው፤ ገላን በሚነካ መሣሪያ በደህና ጊዜ 100፣ በነጠላ ብልሽት ጊዜ 500 ማይክሮ አምፒር፤ በቀጥታ ልብ ዘንድ በሚደርሰው 10 እና 50 ብቻ። ማይክሮ አምፒር የአምፒር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

6. የቀረቡ ስያሜዎች

ከለላ (ስም)፦ ኤሌክትሪክን አግዶ ሁለት ወገን የሚለይ ነገር። «የሽቦው ከለላ ተልጧል።»
ድርብ ከለላ፦ መሠረታዊና ተጨማሪ ከለላ በአንድነት።
የአየር ክፍተት፦ በሁለት አስተላላፊ አካላት መካከል በአየር የሚለካ አጭሩ ርቀት። «የአየር ክፍተቱ ለደጋ አይበቃም።»
የገጽ መንገድ፦ በከለላ ገጽ ላይ የሚለካ አጭሩ ርቀት። «ሰሌዳው በመሰንጠቁ የገጽ መንገዱ ረዘመ።»
ሾላኪ ኮረንቲ፦ በከለላ በኩል ወይም በገጹ ላይ የሚያልፍ ጥቂት ኮረንቲ።

ከነዚህ ስያሜዎች የተሻለ ቃል በሥራ ቦታው የሚገለገልበት ባለሙያ ካለ፣ በተለይም መሣሪያ ከሚጠግኑት ወገን፣ ቃሉን ከነአነጋገሩ ቢያደርሰን በደስታ እንቀበላለን። እስከዚያው ግን መመሪያ ተርጓሚዎች «ርቀት» የሚለውን ቃል ብቻውን እንዳይጽፉ አደራ እንላለን፤ የትኛው ርቀት እንደ ሆነ ማወቅ ያለበት ጠጋኙ ነው፤ በስሕተቱ የሚጎዳው ግን አልጋ ላይ የተኛው ነውና።