አምስት ቁልፍ፣ ሁለት ቅኝት

አንድም ኖታ ማንበብ የማይችል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፒያኖ ፊት ተቀምጧል እንበል። መምህሩ «ነጮቹን ተዋቸው፤ ጥቁሮቹን ብቻ ንካ» ትለዋለች። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተቧድነዋል። ከሦስቱ የግራውን መነሻ አድርጎ አምስቱን በተራ ወደ ቀኝ ቢነካና ተመልሶ መነሻው ላይ ቢያርፍ የሚሰማው የትዝታ ቅኝት ነው። አሁን ደግሞ ከሁለቱ የቀኙን መነሻም ማረፊያም ያድርገው። ትዝታው ሄዶ ባቲ ይመጣል፤ ባለሙያዎች ባቲ ማይነር የሚሉት። የተጨመረ ቁልፍ የለም፣ የተቀነሰም የለም። የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው።

የምዕራቡ ዓለም የሙዚቃ ቲዎሪ ይህን ማረፊያ ቶኒክ ይለዋል። ብዙ ተማሪ ግን ቶኒክን የሚያውቀው ሸምድዶ ነው፤ ለፈተና አሳምሮ ይጽፈዋል፣ ጆሮው ግን አይለየውም። ፒያኖ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ቲዎሪ በሌላ፣ የሙዚቃ ታሪክ ደግሞ በሦስተኛ፣ አንዳንዴም እርስ በርስ በማይነጋገሩ መምህራን ሲሰጡ የሚሆነው ይኸው ነው። በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ «ይህ ለምን ይጠቅመኛል?» ማለት ስለሚወድ፣ መልሱ ጣቱ ሥር ካልተገኘ ትምህርቱን ለመተው አይዘገይም።

ወደ ነጮቹ ቁልፎች ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ትዝታ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ባቲ ሜጀር ይሰጣል። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ደግሞ አምባሰል ነው፤ እነዚህኑ አምስቱን ከላ ጀምሮ ላ ላይ ለሚያሳርፍ ትዝታ ማይነር ይሆኑለታል። አንቺሆዬ ብቻ በነጭ ቁልፍ አልገዛም ይላል። ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካለ በኋላ አንድ ጥቁር ቁልፍ፣ ሶል ሻርፕን፣ ይጠይቃል። ተማሪው እዚህ ሲደርስ በቁልፎች መካከል ያለውን ርቀት መቁጠር የግድ ይሆንበታል፤ ግማሽ ድምፅና ሙሉ ድምፅ የሚባለው የቲዎሪ ምዕራፍም ሳይታወቀው ገብቶት ያልፋል።

በእርግጥ ፒያኖ እዚህ ላይ ትንሽ ያጭበረብራል። አሥራ ሁለቱ ድምፆቹ እኩል ተከፋፍለው የተቃኙ ናቸው፤ ማሲንቆ መቺ ግን ጣቱን ክሩ ላይ የሚያሳርፈው ጆሮው ባለው ቦታ ነው። አዝማሪ ያወጣው አንቺሆዬና ፒያኖ ያወጣው አንቺሆዬ ልክ አይገጥሙም። ጎበዝ መምህር ይህን ልዩነት አይሸፍነውም፤ ሁለቱን አከታትሎ ያሰማል።

የመሣሪያ ልምምድንና የቲዎሪን መለያየት ያልተከተሉ የጥንት መምህራን ነበሩ። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. በ1723 በላይፕዚግ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ሲቀጠር ሥራው ወንዶች ልጆችን ሙዚቃ ማስተማርን ይጨምር ነበር። (ላቲን የማስተማር ግዴታም ነበረበት፤ እሱን ግን ከኪሱ እየከፈለ ለሌላ ሰው አስተላለፈው።) ከዚያ ቀደም ብሎ በ1720 ለዘጠኝ ዓመት ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን የመለማመጃ ደብተር ጀምሮለት ነበር። ዛሬም ብዙ የፒያኖ ተማሪ የሚያልፍባቸው ባለሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች ከዚያ ደብተር የበቀሉ ናቸው። ባኽ በ1723 ሲያጠናቅራቸው በሽፋናቸው ላይ ዓላማቸውን ጽፏል፤ ተማሪው ሁለት ድምፅ አጥርቶ እንዲጫወት ብቻ ሳይሆን፣ የራሱን የሙዚቃ ሐሳብ እንዲያፈልቅና እንዲያሳድግም ጭምር።

በነዚህ ገጾች ላይ «ጮክ በል»፣ «ቀስ በል» የሚል ምልክት አለመኖሩን ያስተዋለ ልጅ ሳያውቀው የታሪክ ጥያቄ ጠይቋል። በዘመኑ ተስፋፍቶ የነበረው ሃርፕሲኮርድ ክሩን የሚነቅር ስለሆነ ቁልፉን ቢጠነክሩበትም ቢያለዝቡትም ድምፁ ያው ነው። ክሩን በመዶሻ የሚመታውን ፒያኖ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ፍሎረንስ ውስጥ የሠራው በ1700 ገደማ ቢሆንም፣ መሣሪያው በአውሮፓ እስኪለመድ ብዙ አሥርት ዓመታት ወስዷል።

ስለ ኖታ ታሪክ ሲነሳ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁለት መንገድ የማወዳደር ዕድል አለው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዘማሪ ልጆችን ሲያስተምር ድምፆችን በመስመሮች ላይ አስቀመጠ፤ ልጁ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከገጹ አንብቦ ማውጣት ቻለ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደደረሱት የሚነገርለት የዜማ ምልክት ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ከድጓው ቃል በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ተማሪው ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ያጠናውን የዜማ ሐረግ ያስታውሱታል። የጊዶው የማያውቁትን ያስነብባል፣ የሊቃውንቱ ያጠኑትን ያስጠብቃል።

ፒያኖ በሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ ለመጀመር ረፍዷል የሚሉ ወላጆች ፒያኒስቱን ግርማ ይፍራሸዋን ማስታወስ ይችላሉ። በልጅነቱ ክራር ይጫወት የነበረው ግርማ ፒያኖ ላይ የተቀመጠው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በ16 ዓመቱ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተምሮ ተመልሶ በያሬድ አስተምሯል። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ የተላኩት ፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መንገዳቸው ሌላ ነበር። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። የእማሆይን ሥራ አሰምቶ «እስቲ ምቱን በእጅህ ቁጠር» ማለት ለክፍል ጥሩ ፈተና ነው፤ ምቱ እየተለጠጠ እየተሰበሰበ ስለሚሄድ የተማሪው እጅ ደጋግሞ ይስታል።

የመሣሪያው ዋጋ ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ውድ ነው፣ ቃኚም ይፈልጋል። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርዶች ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ከተያያዙ አሥር ልጆች በአንድ ክፍል እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኪቦርድ ሳይረባበሹ ይለማመዳሉ፤ ለቅኝት፣ ለኮርድ፣ ለታሪክ ምሳሌዎችም ይበቃሉ። ሲገዛ አንድ ነገር ማየት ይገባል፦ ቁልፉ በኃይል ሲመታና በለስላሳው ሲነካ ድምፁ የሚለያይ መሆኑን። ያ ከሌለው ተማሪው በሃርፕሲኮርድ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ባኽን ይሞክርበታል፣ ቾፒን ላይ ሲደርስ ግን ሌላ መሣሪያ መፈለጉ አይቀርም።