ቀላል ሽጉጥ፣ ከባድ ርግጫ

በሰሜን ቨርጂኒያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሽጉጥ ተኩስ አስተምራለሁ። ከሚመጡት ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ ሌሊቱን ነዳጅ ማደያ የሚያድሩ፣ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ታክሲ የሚነዱ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ አብዛኞቹ ሽጉጡን ገዝተው ጨርሰዋል። ጥያቄያቸውም ያው ነው፤ «ሰው የሚጥለው የትኛው ጥይት ነው?» ይሉኛል። እኔም «ሁለተኛው ጥይትህ የት ያርፋል?» ብዬ እመልሳለሁ። አንዳንዱ ይከፋዋል። ራስን ለመከላከል የሚያዝ ሽጉጥ ግን መመረጥ ያለበት በዚህ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ተኩስ የደነገጠ እጅ ሁለተኛውን ወደ ጣሪያ ይልከዋል።

ካሊበር የጥይቱ ውፍረት ነው። የ9 ሚሊ ስሙ ራሱ ይናገራል። ፎርቲ ፋይቭ የኢንች 45 መቶኛ፣ ማለትም 11 ሚሊ ተኩል ገደማ ነው፤ ፎርቲ 10 ሚሊ ገደማ። ስሪ ኤይቲ የሚባለው ውፍረቱ እንደ 9 ሚሊ ሆኖ ቀለሁ ያጠረ፣ ባሩዱ ያነሰ ነው። ይህን ማንም ሻጭ ይነግራችኋል።

ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ርግጫን ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይመታል። ጠመንጃ የተኮሰ ሰው ያውቀዋል፤ ሰደፉን ከትከሻው አጣብቆ ያልያዘ ሰው ማታ ትከሻው በልዞ ያገኘዋል። ሽጉጥ ሰደፍ የለውም። ትከሻ ይቀበለው የነበረውን ሁሉ የእጅ አንጓ ብቻውን ይቀበላል። ጥይቱ የሚወጣበት መስመር ከጨበጠው እጅ ከፍ ያለ በመሆኑ ደግሞ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሣል፤ እስኪመለስና ዓይን ኢላማውን እንደገና እስኪያገኝ ጊዜ ይፈጃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔንም ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝ ስሕተት ይህ ነው። ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ለደካማ እጅ ይስማማል ይባላል። ለሴት፣ ለአዛውንት፣ ጣቱን ቁርጥማት ለያዘው ሰው እየተመረጠ የሚሸጠው ኪስ ውስጥ የሚገባው ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው።

ባለፈው መስከረም አንድ ልጅ እናቱን ይዞ መጣ። ሱቅ አላቸው፤ ሁለት ጊዜ ተዘርፈዋል። ከቦርሳቸው ያወጡት 400 ግራም የሚሆን፣ አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ ባለ ሠላሳ ስምንት ሪቮልቨር ነበር። «ለሴት የሚሆነው ይሄ ነው አሉኝ» አሉ። የመጀመሪያውን ተኮሱ፤ የወረቀቱን ጠርዝ ነካች። ሁለተኛው ወረቀቱንም አላገኘው። ከሦስተኛው በኋላ ሽጉጡን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አሳዩኝ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያለው ቆዳ ቀልቷል።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ በቅሎ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ብዬ የራሴን ባለ 9 ሚሊ ሰጠኋቸው። አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ትልቅ ሽጉጥ ነው። «ይሄማ የወንድ ነው፣ እንዴት አድርጌ!» ብለው ሊመልሱልኝ ነበር። ለመንኳቸው፤ ተኮሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ሳልነግራቸው አራተኛውን። ዞር ብለው «ይሄኛው ገፋ አደረገኝ እንጂ አልመታኝም» አሉ። የሁለተኛው ሽጉጥ ጥይት ከመጀመሪያው ይበልጥ ጉልበት ያለው መሆኑን ስነግራቸው አላመኑኝም።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ አይደለም፤ በሒሳብ ይወጣል። 8 ግራም የሚመዝን የ9 ሚሊ እርሳስ በሰከንድ 350 ሜትር ሲወጣ ለሽጉጡ የሚሰጠው ግፊት፣ ሽጉጡ ቢከብድም ቢቀልም ያው ነው። ሽጉጡ ወደ ኋላ የሚወረወርበት ፍጥነት ግን በክብደቱ ይወሰናል። ክብደቱን በግማሽ ብትቀንሱት ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ እጃችሁ የሚቀበለው ጉልበትም እንዲሁ እጥፍ። የአንድ ኪሎ ሽጉጥና የግማሽ ኪሎ ሽጉጥ አንድ ዓይነት ጥይት ቢተኩሱ ትንሿ ሁለት እጥፍ ትራገጣለች። በዚያ ላይ እጀታዋ ቀጭን ስለሆነ ያንን ሁሉ ጉልበት በመዳፍ ጠባብ ቦታ ላይ ታሳርፈዋለች።

ከክብደት ቀጥሎ ርግጫው የሚወሰነው በሽጉጡ ሆድ ዕቃ ነው፤ ይህን ሳብራራ ሰዓቱን እንደምረሳ ተማሪዎቼ ያውቃሉ። ለስሪ ኤይቲ የተሠሩ ብዙ ሽጉጦች፣ እንዲሁም የራሱ ጥይት ያለው፣ አገር ቤት ወታደር የነበረ ሁሉ የሚያውቀው መካሮቭ፣ በርሜላቸው የማይንቀሳቀስ ነው። ቀለሁን ወደ ኋላ እንዳይፈነጠር የሚይዘው የላይኛው ተንሸራታች ብረት ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥይቱ እንደተተኮሰ ተንሸራታቹ ወዲያው በሙሉ ኃይሉ ይመጣል። በአብዛኞቹ ባለ 9 ሚሊ ሽጉጦች ግን፣ መሣሪያ ፈልሳፊው ጆን ብራውኒንግ ከ100 ዓመት በላይ በፊት ባወጣው ዘዴ፣ በርሜሉና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ይጓዛሉ። ከዚያ የበርሜሉ ኋላ ዝቅ ብሎ ይላቀቅና ተንሸራታቹ ብቻውን ይቀጥላል። ምቱ ተከፋፍሎ፣ ረዘም ባለ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። «ደካማ ጥይት ነው» ተብሎ የተገዛ ስሪ ኤይቲ ከ9 ሚሊ ይልቅ እጅ የሚቆነጥጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራ ሞላውም ለማቀባበል ያስቸግራል፤ ጣታቸው የደከመ ሰዎች ያንን ይዘው ሲታገሉ ሳይ ሻጩን እወቅሳለሁ። ስትገዙ የጥይቱን ስም ብቻ አትጠይቁ፤ በርሜሉ ተቆላፊ መሆኑን ጠይቁ፣ ሱቁ ውስጥ ባዶውን በገዛ እጃችሁ አቀባብሉት።

9 ሚሊን ጀርመናዊው ጌዮርግ ሉገር ያወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። «ደካማ» የሚለው ስም የወጣለት ግን አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ታሪኩም አለው። ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በፈረንጆች አቆጣጠር ማያሚ ውስጥ የኤፍቢአይ ባልደረቦች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ከዘራፊዎቹ በአንዱ ክንድ በኩል የገባች የ9 ሚሊ ጥይት ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆመች፤ ሰውየውም መተኮሱን ቀጠለ። ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ ከበድ ወዳለው 10 ሚሊ ሄደ። ርግጫው ለብዙዎቹ ስለከበደ ባሩዱ ተቀነሰ፤ ከዚያም በ1990 ፎርቲ ተወለደ። ብዙ የአሜሪካ ፖሊስ ፎርቲን ታጠቀ፤ የእኛም ሰው ፖሊስ የያዘውን አይቶ ገዛ።

በ2014 ኤፍቢአይ ወደ 9 ሚሊ መመለስ ለምን እንደሚሻል ጽፎ አወጣ። አንደኛው ምክንያት የጥይቱ መሻሻል ነው፤ ጫፉ ጎድጓዳ የሆነው አዲሱ እርሳስ ሥጋ ሲያገኝ እንደ አበባ እየተከፈተ፣ በመፈተኛው ጄላቲን ውስጥ የሚፈለገውን ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ሁለተኛውና ለእኔ ትልቁ ምክንያት፣ አብዛኞቹ የኤፍቢአይ ተኳሾች በ9 ሚሊ ይበልጥ ቶሎና በትክክል የሚተኩሱ መሆናቸው ነው። እነዚህ ተኩስ ሥራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። በዓመት አንድ ሳጥን ጥይት የሚጨርስ ባለ ሱቅ «እኔስ ፎርቲ ፋይቭ እችላለሁ» ሲለኝ ልከራከረው እገደዳለሁ። የፎርቲ ፋይቭ እርሳስ 15 ግራም ነው፤ በሰከንድ 260 ሜትር ሲወጣ የሚሰጠው ግፊት ከ9 ሚሊ ከሲሶ በላይ ይበልጣል። ድሮ በጦር ሠራዊት የተከበረ፣ በሠለጠነ እጅ የሚያምር ጥይት ነው። ግን እጁ መሠልጠን አለበት።

መሠልጠኑን የምፈትንበት አንድ መንገድ አለኝ። ተማሪው ሳያይ ካዝናውን እኔ እሞላዋለሁ፤ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌላቸው ሁለት የማስተማሪያ ጥይቶች እቀላቅላለሁ። ይተኩሳል። ባዶዋ ስትደርስ ቃታው ቀጭ ይላል፤ ምንም አይፈነዳም፤ አፈሙዙ ግን በሦስት ጣት ያህል ወደ መሬት ይደፋል። እጁ ምቱን ቀድሞ ሊገፋው ሄዷል። ከዚያች ሰዓት በፊት ማንም «እደነግጣለሁ» ብሎ አያምንም፤ ሽጉጡ ተዛብቷል፣ ማነጣጠሪያው ተጣሟል ይላል። ሽጉጡን እኔ ስተኩሰው መሐሉን ይመታል። ይህ ድንጋጤ ከትልቅ ጥይት ጋር ያድጋል፤ አንዴ ከተለመደ በኋላ ለማስለቀቅ ወራት ይወስዳል። ጀማሪን በፎርቲ ፋይቭ የሚያስጀምሩ ጓደኞች ቪዲዮ ቀርጸው ሲስቁ አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ።

አያያዙን በአጭሩ፦ እጀታውን ከላይ እስከሚቻለው ድረስ ከፍ አድርጋችሁ ጨብጡ፣ ግራ እጅ ባዶውን ቦታ ይሙላው፣ አንጓ አይላላ። አንጓው የላላ ሰው ሽጉጡ ቀለህ ይነክስበታል፤ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሄዶ ሥራውን ለመጨረስ ጠንካራ መደገፊያ ይፈልጋል።

የታክሲ ሾፌሮችን አንድ ነገር ሳልነግር አላልፍም። የቨርጂኒያ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ሜሪላንድም ዋሽንግተን ዲሲም ውስጥ አይሠራም። ከአርሊንግተን ተነሥቶ ድልድዩን የተሻገረ ሰው፣ ወገቡ ላይ ያለው ሽጉጥ ወንጀል ሆኗል። ልጆች ያሉባችሁ ደግሞ ሽጉጡ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ይደር፤ ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ መደበቅ አይደለም።

ጥይት ስትገዙ ሣጥኑ ላይ ያለውን አንብቡ። 9 ሚሊ ሉገር፣ 9 በ19፣ 9 ሚሊ ፓራቤለም ሦስቱም አንድ ጥይት ናቸው። 9 ሚሊ መካሮቭ ግን ሌላ ነው፤ ቀለሁ በአንድ ሚሊ ያጠረ፣ እርሳሱ በሩብ ሚሊ የወፈረ። አንድ የቀድሞ ወታደር «ዘጠኝ ዘጠኝ ነው» ብሎ አንድ ሣጥን መካሮቭ ይዞልኝ መጣ። ሁለቱን ጥይት ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው፤ ጎንበስ ብሎ ልዩነታቸውን አየ፣ ሣጥኑንም ዘግቶ ሊመልሰው ወደ መኪናው ወሰደው።