የፍላሽ ልደትና ዕረፍት

በድረ ገጽ ላይ ሥዕል ሲንቀሳቀስ፥ ቁልፍ ሲጫኑት ድምፅ ሲያሰማ፥ ካርታም ሲነኩት ተከፍቶ የአገሩን ታሪክ ሲተርክ ማየት ለዛሬ አንባቢ ከቶ የማያስገርም ነገር ቢሆንም፥ ሥዕልንና ድምፅን፥ ጽሑፍንና ትእዛዝን በአንድነት አሰናድቶ ለተመልካቹ ፈቃድ መልስ እንዲሰጥ የማድረጉን ብልሃት በዓለም ሁሉ ያስፋፋው፥ በመጨረሻም በገዛ ባለቤቱ ቃል የተሻረው ፍላሽ የተባለው ፕሮግራም ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጆናታን ጌይ የተባለው አሜሪካዊ በ1993 ከባልንጀሮቹ ጋር ፊውቸርዌቭ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ሲያቋቁም ዐሳቡ በብዕር በሚታዘዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚያገለግል ስማርትስኬች የተባለ የሥዕል መሣሪያ መሥራት ነበር እንጂ አኒሜሽን አልነበረም። ነገር ግን ባለብዕሮቹ ኮምፒዩተሮች ገበያ አጥተው ስለ ቀሩ፥ ኢንተርኔትም በዚያው ወራት እየሰፋ ስለ መጣ፥ መሣሪያው ለሚንቀሳቀስ ሥዕል እንዲያገለግል ተሻሽሎ በ1996 ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር ተብሎ ወጣ፤ ማይክሮሶፍትና ዲዝኒም ተጠቀሙበት። በዓመቱ መጨረሻ ማክሮሚዲያ ኩባንያውን ገዝቶ ለፕሮግራሙ ፍላሽ የሚለውን አጭር ስም አወጣለት።

የተወደደበት ዐቢይ ምክንያት የፋይሉ ማነስ ነው። በዚያን ጊዜ በስልክ መስመር የሚመጣው መረጃ በሰኮንድ 28,800 ቢት ያህል ስለ ነበረ፥ 640 በ480 ነጥብ የሆነ ባለ 256 ቀለም ሥዕል ሳይታመቅ ቢላክ ከ80 ሰኮንድ በላይ ያስጠብቅ ነበር፤ አኒሜሽን ደግሞ በየሰኮንዱ ብዙ ሥዕል የሚሻ ነውና ነገሩ የማይሞከር ይመስል ነበር። ፍላሽ ግን ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ መላኩን ትቶ የመስመሩን ሕግ ብቻ ይልካል፤ ይኸውም ጠማማውን መስመር በሦስት ነጥብ ወስኖ፥ የቀረውን የተመልካቹ ኮምፒዩተር ራሱ እንዲሥለው ማድረግ ነው። ሥዕሉ ቢተልቅም ጠርዙ አይሻክርም፥ ፋይሉም አይከብድም።

ሠራተኛው ፕሮግራሙን ሲከፍት ጊዜ በፍሬም ተከፋፍሎ የሚታይበት ታይምላይን በፊቱ ይዘረጋለታል። ኳስ በአምስት ሰኮንድ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲንከባለል የፈለገ እንደ ሆነ፥ በሰኮንድ 12 ፍሬም ሲታሰብ 60 ሥዕል ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ አስቀምጦ ትዊን የሚባለውን ትእዛዝ ቢሰጥ፥ ቀድሞ ረዳት ሠዓሊዎች በእጃቸው ይደክሙበት የነበረውን የመካከሉን ሥራ፥ ማለት 58ቱን ፍሬም፥ ማሽኑ ይሞላለታል። ያንኑ ኳስ ሲምቦል አድርጎ በላይብረሪ ቢያኖረው ደግሞ፥ አንድ ማኅተም በብዙ ደብዳቤ ላይ እንደሚያርፍ፥ ሥዕሉ መቶ ጊዜ ቢታይም ፋይሉ የሚሸከመው አንዱን ብቻ ነው፤ ከማኅተም የሚለየው ዋናው ሲታረም መቶውም አብረው መታረማቸው ነው።

ከሲምቦሎች ሁሉ እኔ የማደንቀው ቁልፉን ነው። አራት ፍሬም አለው፤ አንደኛው ማንም ሳይነካው፥ ሁለተኛው የማውዙ ጠቋሚ ሲያርፍበት፥ ሦስተኛው ሲጫኑት የሚያሳየው መልክ ሲሆን፥ አራተኛው ለዓይን የተሰወረ፥ ነገር ግን መንካት የሚሠራበትን ወሰን የሚደነግግ ነው። በ2000 አክሽንስክሪፕት የተባለው የትእዛዝ ቋንቋ ተጨመረበት፤ በ2002 ደግሞ ፍላሽ ኤምኤክስ እንደ ምልክት ማድረጊያ ሣጥንና እንደ ማንሸራተቻ ያሉትን፥ ኮምፖነንት የሚባሉትን የተሰናዱ ክፍሎች ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም ዐዋቂው ክፍሉን አንድ ጊዜ ሠርቶ ያስረክባል፤ ሠዓሊውም ምሥጢሩን ሳይመረምር ስሙንና ልኩን በሰንጠረዥ ሞልቶ በገጹ ላይ ያኖረዋል።

ለፊደላችንም አንድ ውለታ ውሏል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፥ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በቪስታ ጊዜ ስለ ነበረ፥ ከዚያ በፊት ፎንት ያልጫነ ሰው የአማርኛ ገጽ ቢከፍት ባዶ ሣጥኖች ይደረደሩለት ነበር፤ ፍላሽ ግን የፊደሉን ቅርጽ በፋይሉ ውስጥ ይዞ መሄድ ስለሚችል ጽሑፉ እንደ ተጻፈ ይነበብ ነበር። ጉዳትም ነበረው፤ የመፈለጊያ ፕሮግራሞች ለብዙ ዘመን የፍላሽን ውስጥ በደኅና አያነቡም ነበርና።

ዩቲዩብ በ2005 ሥራውን ሲጀምር ቪዲዮውን ያሳይ የነበረው በፍላሽ ነበር፤ በዚያው ዓመት አዶቢ ማክሮሚዲያን ጠቅልሎ ገዛ። በ2007 የወጣው አይፎን ግን ፍላሽን አልተቀበለም። የአይፎን ሠሪ የሆነው የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ በኤፕሪል 2010 በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ፕሮግራሙ የአንድ ኩባንያ ንብረት መሆኑን፥ ባትሪ መጨረሱን፥ ለጥቃትም መጋለጡን ዘርዝሮ ከሰሰው፤ የራሱም የፕሮግራም መደብር በአንድ ኩባንያ እጅ የተያዘ ነበርና ክሱ ከንግድ ጥቅም የጠራ ነው ለማለት አይቻልም። ካነሣቸው ምክንያቶች እኔን ያሳመነኝ ግን ስለ ጣት የተናገረው ነው፤ ጠቋሚ ሳይጫን ያርፋል፥ ጣት ግን ወይ ይነካል ወይ አይነካም፤ ስለዚህ ከአራቱ የቁልፍ ፍሬሞች ሁለተኛው፥ በእርሱም ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ሁሉ፥ በስልክ ላይ ከንቱ ሆነ።

አዶቢ በ2017 ማብቂያውን ዐወጀ፤ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉን አቆመ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮም በተመልካቹ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ማጫወቻ ራሱ የፍላሽን ሥራ ማሳየት ተወ። መሥሪያው ግን አልሞተም፤ በ2016 አኒሜት የሚል ስም ተቀብሎ፥ ታይምላይኑንና ሲምቦሉን እንደ ያዘ፥ ያለ ተጨማሪ ማጫወቻ የሚታይ ኤችቲኤምኤል 5 ያወጣል። የቀድሞዎቹንም ሥራዎች ሩፍል የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንደገና ያሳያቸዋል፤ ኢንተርኔት አርካይቭም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በዚሁ ፕሮግራም እየታገዘ ለሕዝብ አቅርቧቸዋል።

እንግዲህ በፍላሽ የተሠራ የፊደል ማስተማሪያ፥ ተረት ወይም የበዓል ሰላምታ በአሮጌ ሲዲ ያኖረ አንባቢ ቢኖር፥ ሲዲውን ከመጣሉ በፊት ፋይሉን በሩፍል ከፍቶ ይየው፤ የመሥሪያው ዋና ፋይል በእጁ ካለ ደግሞ በአኒሜት ወደ ኤችቲኤምኤል 5 ያዙረው፤ አክሽንስክሪፕቱን በጃቫስክሪፕት እንደገና መጻፍ ግድ ቢሆንበትም፥ ሥዕሉና ታይምላይኑ ይተርፉለታል።