የሰው ስምና የጋዜጣ ኀላፊነት

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደ ተባለው፥ በማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣ ቃልም በየአገሩ ከተበተነ በኋላ ተለቅሞ አይሰበሰብም። ስለዚህ የሚጽፍም የሚያነብም ክርስቲያን የባልንጀራውን ስም እንደ አደራ ዕቃ ሊጠብቀው ይገባል።

በሚያዝያ ወር 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ነገር በቸልታ አላለፈውም። በሕይወት ያለውን ሰው የተጠላ፥ የተናቀ ወይም መሳቂያ እንዲሆን አድርጎ መታመኑንና መልካም ስሙን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሁሉ ጥፋተኛ መሆኑን በ2044ኛው አንቀጽ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ጋዜጠኛውን ዝም ለማሰኘት አይደለም፤ ለሕዝብ ጥቅም በሚመለከት ነገር አሳቡን የሚገልጸውን ሰው፥ ሐሰት መሆኑን በርግጥ እያወቀ ካልተናገረ በቀር፥ 2046ኛው አንቀጽ ይጠብቀዋል።

2047ኛው አንቀጽ ደግሞ የተናገረው እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው ከኀላፊነት እንደሚድን ይገልጻል፤ ነገር ግን የተናገረው ሌላውን ለመጕዳት ብቻ አስቦ እንደ ሆነ እውነቱ እንኳ አያድነውም። እንግዲህ «እውነት ነውን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ስለ ምን እናገረዋለሁ?» ማለትም ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን 2049ኛው አንቀጽ ነው። የመጕዳት አሳብና ከባድ ቸልተኝነት ሳይኖርበት በጋዜጣ የሰው ስም ያጠፋ፥ ተበዳዩ ሲጠይቀው ቃሉን መልሶ ይቅርታ መጠየቁን ወዲያውኑ ቢያሳትም ከኀላፊነት ይድናል። ጋዜጣው ከሳምንት በላይ እየቆየ የሚወጣ ከሆነ ግን የሚቀጥለውን እትም መጠበቅ አይፈቀድም፤ ተበዳዩ በመረጠው ጋዜጣ ላይ ማሳተም ይገባል። በወር አንድ ጊዜ ለምንታተም ለእኛ ይህ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሐሰት ወር ሙሉ ሲዞር እርማቱ ተኝቶ ሊቈይ አይገባውምና።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኀን አዋጅ ቍጥር 1238፥ በመገናኛ ብዙኀን የሚፈጸመውን ስም ማጥፋት ከወንጀል ቅጣት አውጥቶ ለፍትሐ ብሔር ክርክር ትቶታል። የወኅኒ ቤት ፍርሀት ሲቀር የኅሊና ሸክም ሊከብድ ይገባል።

አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ ስልክ በእጁ የያዘ ሁሉ አሳታሚ ሆኗል። አባትና እናት ያላጣሩትን ወሬ በልጆቻቸው ፊት ለዘመድ ሲያስተላልፉ፥ ልጆች በሐሰት መመስከርን ይማራሉ። የተላለፈው ሐሰት ሆኖ ሲገኝም ዝም ብሎ መደምሰስ ካሳ አይሆንም፤ ወሬው ለደረሳቸው ሰዎች ሁሉ እርማቱን ማድረስ፥ ተበዳዩንም ይቅርታ መጠየቅ ይገባል። ንስሓ የምንገባ ሰዎች ይህ ሥርዐት እንግዳ አይሆንብንም።

እግዚአብሔር አንደበታችንንና ብዕራችንን ይጠብቅልን።