ከጫማ ሱቅ እስከ ባንክ፦ ቴሬሲታ ሲ-ኮሰን

ማኒላ የሄደ ሰው «ኤስ ኤም» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ሳያይ አይመለስም። ግዙፎቹ የገበያ ማዕከላት ሁሉ የሚጠሩበት ስም ነው። መነሻው ግን ሄንሪ ሲ በ1958 እ.ኤ.አ. የከፈቱት «ሹማርት» የተባለ ጫማ መሸጫ ነው። ሄንሪ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ከቻይናዋ ፉጂያን ወደ ፊሊፒንስ የተሻገሩ ስደተኛ ነበሩ።

ይህን የምነግርዎት ስለ አባትየው ሳይሆን ስለ ልጃቸው ነው። ቴሬሲታ ከስድስት ልጆች የመጀመሪያዋ ናቸው፤ አራት ወንድሞችም አሏቸው። እንዲህ ባለ ቤት ሱቁን ማን ይረከባል ቢባል እርስዎ ማንን ይገምታሉ? እኛም አገር መልሱ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የታወቀ ነው። እኚህ ቤተሰቦች ግን በዚያ መንገድ አልሄዱም። ሴት ልጃቸው ኮሌጅ እንደጨረሱ ወደ ሱቁ ገቡ፤ ሱቁም ከጫማ አልፎ ልብስና የቤት ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ሆነ። በ1985 የፊሊፒንስ ኢኮኖሚ ክፉኛ ተናግቶ ሳለ የመጀመሪያው ግዙፍ የገበያ ማዕከል ተከፈተ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ባንኩ ነው። ቤተሰቡ በ1976 አንዲት ትንሽ የቁጠባ ባንክ ገዝቶ «ባንኮ ደ ኦሮ» አላት። ማርኬቲንግ ላይ የምንሠራ ሰዎች ደንበኛ ለመሳብ ስንት ብር እንደምናፈስ እናውቃለን። እነ ቴሬሲታ ግን ቅርንጫፉን ሕዝቡ ቀድሞ ባለበት፣ በገበያ ማዕከሉ ውስጥ ከፈቱት። ሌላው ባንክ ቅዳሜና እሁድ ሲዘጋ የእነሱ ይሠራል። ልጆቿን ይዛ ለአስቤዛ የመጣች እናት እግረ መንገዷን ገንዘብ ታስገባለች፤ ወይም ባሏ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የላከላትን ትቀበላለች። ዱባይ ወይም ጅዳ ዘመድ ያለው የእኛ ቤተሰብ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በ2007 ባንኩ በሀብት ከሚበልጠው ከኢኩቴብል ፒሲአይ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ትንሽ ትልቁን ዋጠ ማለት ነው! በኋላም በአገሪቱ በሀብት አንደኛ ሆነ። የቦርዱ ሰብሳቢ ወ/ሮ ቴሬሲታ ናቸው።

በ2017 አባትየው ከኤስ ኤም ኢንቨስትመንትስ ሰብሳቢነት ሲነሱ ደግሞ ወንበሩ ለልጅ ይሰጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የተቀመጡበት ግን ሆሴ ሲዮ ናቸው፤ የቤተሰቡ አባል ሳይሆኑ ለረጅም ዓመታት አብረው የሠሩ የፋይናንስ ባለሙያ። ቴሬሲታ በምክትልነት ቀጠሉ፤ ወንድሞቻቸውም በየድርሻቸው። አባታቸው በጥር 2019 በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ አዲስ ሰብሳቢ መፈለግ አላስፈለገም።